ወደ ኋላ የሚሮጠው ተከላካይ

ካስፓር ሊንድነርን ኳስ ተጫዋች ያደረገው የአባቱ ሥራ ነው። አባቱ ገመድ ሠሪ ነበሩ። ያኔ በሃንጋሪ ሥር በነበረው በቴሜሽቫር ከተማ፣ ፋብሪክ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤጋ ቦይ ዳር ግድግዳ የሌለው ረጅም ዳስ ነበራቸው፤ በቦዩ ለሚመላለሱት ጀልባዎች ገመድ የሚፈተለው እዚያ ነው። ፈታዩ የቃጫ ጥቅል ወገቡ ላይ ያስርና ጫፉን ከሚሽከረከር መንኮራኩር ጋር አያይዞ፣ ቃጫውን በጣቶቹ መሃል እየለቀቀ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዞር ብሎ ማየት የለም። ዓይኑ ከክሩ ላይ ለአፍታ ከተነሳ ክሩ ወይ ይቀጥናል ወይ ይጓጉላል። ካስፓር ከትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው የሚውለው። አባቱ «ፍጠን» ባሉት ቁጥር እየፈጠነ ሄዶ፣ ጢሙ ሲያቀመቅም ሌላው ሰው ወደ ፊት የሚሮጠውን ያህል እሱ ወደ ኋላ ይሮጥ ነበር፤ ያውም ሳይደናቀፍ።

ይኼ ለኳስ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። እሑድ እሑድ ከቦዩ ማዶ ባለው ሜዳ የሰፈሩ ጎረምሶች ሲጫወቱ እሱን ከኋላ የሚያቆሙት ኳስ መምታት ስለማይሆንለት ነው። የክለቡ አለቃ ሎሪንጽ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሎሪንጽ ባቺ»፣ አጎቴ ሎሪንጽ፣ እያለ ነው የሚጠራው። አንድ እሑድ ጨዋታው እንዳበቃ ካስፓርን በክርኑ ይዞ ወደ ዳር ወሰደው።

«አንተ፣ ለምንድን ነው ጀርባህን ለበረኛችን ሰጥተህ የምትሮጠው?»

«ታዲያ ፊቴን ለማን ልስጥ? ኳሱን የያዘው ያኛው ነው።»

«ሰው እኮ ዞሮ ነው የሚሮጠው።»

«ዞሬ ከሮጥኩማ ያ ሰውዬ ምን እንደሚሠራ በምን አያለሁ፣ ባቺ?»

ሎሪንጽ ባቺ ነገሩ ያኔ ገባው። ተከላካይ የሚታለፈው ሊዞር ሲል ነው። አጥቂው ኳሱን ወደ ጎኑ ገፋ ያደርግና ተከላካዩ ትከሻውን እስኪያዞር ድረስ ሄዷል። ካስፓር ደግሞ አይዞርም። ፊት ለፊት እያየው፣ እግር በእግር እየተከተለ፣ ሰውዬው ሮጦ ሮጦ ሲደክመው ወይም ኳሱን አንድ ጫማ አርቆ ሲነካው ብቻ እግሩን ዘርግቶ ይወስድበታል። የሌላ ሰፈር አጥቂዎች ከእሱ ጋር ተጫውተው ሲወጡ ጥላቸው ሲያሳድዳቸው የዋለ ይመስሉ ነበር።

በገበያው ዓሣ የምትሸጥ ዳኒጻ የምትባል የሰርብ ልጅ ነበረች። ጀርመንኛ፣ ሃንጋሪኛ፣ ሩማንኛና የራሷን ሰርብኛ እያቀያየረች የምትጮህ፣ ድምፅዋ ከገበያው እስከ ቢራ ፋብሪካው የሚሰማ። እሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ያየችው ዕለት ከጨዋታው በኋላ ፊቱ ቆመች።

«እኔ የምሸጠው ሸርጣን እንኳ አንዳንዴ ወደ ፊት ይሄዳል» አለችው።

ካስፓር ምላሽ ሲፈልግ ሄዳ ነበር። ምላሹን ያገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ለመንገር ገበያ ሄደና ረስቶት ሸርጣን ገዝቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሸርጣን የሚበላበት ቀን በዛ።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁለት ዓመት በፊት፣ በጸደይ፣ ከቡዳፔስት ጥሪ መጣ። ሃንጋሪ ከኦስትሪያ ጋር ልትጫወት ነው፤ ካስፓር በተጠባባቂነት ይምጣ ተባለ። ከገጠር ከተማ ሄዶ ወንበር አሟሙቆ የሚመለስ መስሎት ነው የሄደው፤ የመጫወቻ ጫማውንም የያዘው ሎሪንጽ ባቺ በግድ ስላሸከመው ነው። በጨዋታው ቀን ጠዋት ግን ዋናው ተከላካይ ሆዱን ይዞ ተኛ። አሠልጣኙ ካስፓር ቁርስ ወደሚበላበት መጥቶ «ቂጣውን አስቀምጠው፣ ትጫወታለህ» አለው።

ሜዳው ላይ ሲወጣ የዚያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቶ አያውቅም። በእሱ በኩል የሚመጣው የኦስትሪያ የክንፍ ተጫዋች ረጅም፣ ፈጣን፣ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ ሰው ነው። ኳሱ ደረሰውና ተነሳ። ካስፓርም እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ።

ሕዝቡ ሳቀ። እንደ ነፋስ ከአንዱ ዳር ተነስቶ እስከ ሌላው የሄደ ሳቅ ነበር። የራሱ ቡድን መሃል አጥቂ፣ ቤርታላን የሚባል የቡዳፔስት አራዳ፣ «ማነው ይኼን ሰውዬ ከሰርከስ ያመጣው?» ሲል ካስፓር ሰምቶታል። ኦስትሪያዊውም ሳቅ አለና ኳሱን ወደ ግራ ገፋ። ካስፓር ግራ። ወደ ቀኝ መለሰው። ካስፓር ቀኝ። ፍጥነት ጨመረ፤ ካስፓርም ጨመረ። አምስት ክንድ፣ አሥር ክንድ፣ ሁለቱም ፊት ለፊት እየተያዩ ወደ ጎሉ እየበረሩ ነው። ከዚያ ኦስትሪያዊው ትንፋሹ ሲያጥረው ኳሱን ትንሽ አራቀው፤ የካስፓር እግር ወጣች፤ ኳሱ የለም።

ሳቁ ቆመ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲደግመው ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ኳሱ ለረጅሙ ሰውዬ በደረሰ ቁጥር ሕዝቡ ራሱ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» እያለ አብሮ ይጮኽለት ጀመር። ካስፓር እግሩ መሬት የሚነካ አይመስለውም። ከእረፍት መልስ ኦስትሪያዊው ጎን ለውጦ በሌላ ክንፍ ወጣ። ሃንጋሪ ሁለት ለዜሮ አሸነፈች፤ ሁለቱንም ያገባው ቤርታላን ነው።

ቤርታላን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንገቱን አቅፎ ያዘው። «ወንድሜ፣ አንተ ስትወለድም በእግርህ ነው የመጣኸው መሰለኝ» አለው።

ቴሜሽቫር ሲመለስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሙዚቃ ጓድ ባቡር ጣቢያው ድረስ ወጥቶ ነበር። ሎሪንጽ ባቺ ጨዋታውን ያላየ ሰው ሆኖ ጨዋታውን ለሕዝቡ እየተረከ ነው። ዳኒጻ የዓሣ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ከፊት ቆማለች።

«አሸነፋችሁ አሉ።»

«አሸነፍን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ወንድሜ ቶዛ ለሚመጣው ሽማግሌ ብሎ የደበቀውን የፕለም አረቄ ራሱ እየጠጣ ሊጨርሰው ነው።»

በዚያው በጋ ተጋቡ። ካስፓር ለሃንጋሪ ሦስት ጊዜ ደግሞ ተጫወተ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ኳሱም፣ ገመዱም፣ ሁሉም ቀረ። በጋሊሺያ ግንባር መድፍ ከሚጎትቱት ፈረሶች ጋር አራት ዓመት ቆየ። አንድ መድፍ አጠገቡ ሲፈነዳ የግራ ጆሮው ደነቆረ። ሌላው አካሉ ደኅና ነበር። የተመለሰ ዕለት ዳኒጻ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «እግርህን አሳየኝ» አለች። ሁለቱም መኖራቸውን ስታይ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ካስፓር ራሱ በቅጡ አልተከታተለውም። መጀመሪያ የሰርብ ጦር ገባ፤ ከዚያ ፈረንሳዮች፤ ከዚያ የሩማንያ ጦር ገብቶ ቀረ። ከተማው ቲሚሾአራ ተባለ። የመንገዱ ስም ተቀየረ፣ የፖስታ ቤቱ ጽሑፍ ተቀየረ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ቋንቋ ተቀየረ። እሱ ግን ያው ዳስ ውስጥ፣ ያው ቦይ ዳር፣ ቃጫውን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሚስቱ ወንድም ቶዛ የሚኖርበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ነው፤ አሁን ግን ድንበር ማዶ፣ የሰርቦቹ መንግሥት ሆነ።

ካስፓር ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ፣ ከሰፈር ጨዋታ በላይ አላስብም ባለበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ሎሪንጽ ባቺ ጋዜጣ እያውለበለበ ዳሱ ውስጥ እየሮጠ ገባ። ከኋላው ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ደንበኛ ይከተለዋል።

«ጠርተውሃል፣ ካስፓር፣ ጠርተውሃል።»

«ማን ነው የጠራኝ?»

«የሩማንያ ብሔራዊ ቡድን። ይኸው ስምህ በነሱ አጻጻፍ፣ ጋሽፓር ሊንድነር።»

«ባቺ፣ እኔ እኮ ሩማንኛ አልችልም። ደግሞ አንድ ጆሮ ነው ያለኝ።»

«በጆሮህ ነው እንዴ የምትጫወተው?»

ባለ ሳሙናው ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «እሺ በለውና ይመለስ ባክህ። ሳሙናው ፊቴ ላይ ደረቀ።»

ጨዋታው እዚያው በከተማው ሜዳ ነው። ካስፓር ገበያ ሄዶ ለዳኒጻ ሲነግራት መጀመሪያ እልል ልትል ደረሰች፤ ከዚያ «ከማን ጋር?» አለች።

«ከነቶዛ ጋር።»

ዳኒጻ የዓሣ ሣጥኗ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ቶዛ በዋዜማው በባቡር መጣ። ትልቅ ሆድና ትልቅ ጢም ያለው ሰው ነው፤ አረቄውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ የዳኒጻን ቀይ የዓሣ ወጥ ሁለት ሳህን በልቶ ነው ወሬ የጀመረው።

«አማቼ፣ ነገ በአንተ በኩል የሚመጣውን ልጅ ታውቀዋለህ? የጥንቸል ልጅ ነው። አንተ ደግሞ አርጅተሃል።»

«አየዋለሁ» አለ ካስፓር።

«ፊቱን ታያለህ ልበል? ጀርባውን ነው የምታየው።»

ዳኒጻ ወንድሟን በማንኪያ እጁን መታ አደረገችውና ወደ ባሏ ዞረች። ለነገ የሚሆነውን የሩማንኛ ቃል ልታስተምረው ነው። «ሁለት ቃል ብቻ። ከዚያ በላይ አትሸከምም። ላሰ፣ ተው ለእኔ ማለት ነው። አሜያ፣ የእኔ ነው። በል።»

«ላሰ። አሜያ።»

«ሰማህ ቶዛ? ሩማንያዊ ሆነ።»

«እንደ ቡልጋሪያ ፍየል ነው ያለው» አለ ቶዛ።

በማግሥቱ ሜዳው አጥር ድረስ ሞላ። ካስፓር ከኋላው ያለውን በረኛ የተዋወቀው ጠዋት ነው፤ ሴቬር ይባላል፣ ከቡካሬስት የመጣ፣ ከሩማንኛ በቀር አንድ ቃል የማያውቅ ቀጭን ሰው። የቡድኑ ግማሽ ሃንጋሪኛ፣ ግማሹ ጀርመንኛና ሩማንኛ ይናገራል። ሊቪዩ የሚባለው አምበል ሦስቱንም ይችላል፤ እሱ ግን ፊት አጥቂ ስለሆነ ድምፁ ወደ ኋላ አይደርስም።

ቶዛ ያለው ልጅ እውነትም ጥንቸል ነበር። በመጀመሪያው ሩጫ ካስፓር ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማው። ግን ቀረበው፣ ተከተለው፣ ፊቱን አልለቀቀም፤ ኳሱንም ወሰደበት። አጥሩ ላይ የፋብሪክ ሰው በአራት ቋንቋ ጮኸ። ሁለተኛም ወሰደበት። እሱም ደስ እያለው፣ እያማረበት፣ እንደ ቡዳፔስቱ ቀን እየተንሳፈፈ መጣ።

እረፍት ሊደርስ ሲል ኳስ ከፍ ብላ በእሱና በሴቬር መሃል ወረደች። ካስፓር ቀድሞ ደርሶባታል። ሴቬር ከግራ በኩል አንድ ነገር ጮኸ፤ ካስፓር በደነቆረው ጆሮው ጩኸት እንጂ ቃል አልሰማም። አይዞህ፣ ይዣታለሁ ለማለት በአባቱ ቋንቋ «ያ፣ ያ» አለ። በጀርመንኛ አዎ፣ አዎ ማለት ነው። በሩማንኛ ግን «ያ» ማለት ውሰድ ማለት ነው። ሴቬር ውሰድ ተባለና ሊወስድ ከጎሉ ወጥቶ እየበረረ መጣ። ሁለቱ ደረት ለደረት ተጋጩ። ኳሷ ከመሃላቸው ተንከባልላ ወጣች፣ ያ ጥንቸል አጠገቧ ነበር፣ ባዶ ጎል ውስጥ አስገባት።

ሴቬር ከመሬት ተነስቶ እጁን እያወናጨፈ ጮኸበት። ካስፓር ምን እንዳጠፋ እንኳ አልገባውም። ከአጥሩ የሆነ ሰው «ሂድ ገመድህን ፍተል» አለ፤ ሌላው ደግሞ በሩማንኛ ሌላ ነገር አለ፣ እሱም መልካም ነገር እንዳልሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። ፊቱ እሳት ሆነ። የቶዛ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

እረፍት ሲሆን አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ዳኒጻ አጥሩን ይዛ ቆማለች።

«ምን አልከው?» አለችው።

«አዎ፣ ያዝኩት አልኩት።»

«ያ፣ ያ ነው ያልከው?»

«ያ፣ ያ ነው ያልኩት።»

ዳኒጻ ግንባሯን ያዘች። «ውሰድ እኮ ነው ያልከው፣ አንተ ደንቆሮ። ሰውዬው ወሰደ። ምን ያድርግ?» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ስማ። ከአሁን በኋላ አንተ በፈለግከው አፍ ጩህ። ለሱ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቡድኖቹ ጎል ይቀያየራሉ። ዳኒጻ ገበያ ላይ በተማረችው ክርን ሕዝቡን እየሰነጠቀች ዞራ ከሌላኛው ጎል ጀርባ ደረሰች፤ ቶዛ «ወዴት ነው አንቺ፣ ወዴት ነው» እያለ ከኋላዋ ይንከላወሳል። ኳሱ እንደገና በመጣ ጊዜ ካስፓር በጀርመንኛ «ተወው» አለ። ወዲያው ከአጥሩ በኩል እንደ ደወል ያለ ድምፅ መጣ።

«ላሰ፣ ሴቬር፣ ላሰ።»

ሴቬር ደንግጦ ቆመ። ካስፓር ኳሱን በሰላም ጠረገው። በሚቀጥለው ካስፓር በሃንጋሪኛ «ውጣ» ሲል ሴቬር በሩማንኛ ሰማና ወጥቶ ያዘ። ሴቬር ዞር ብሎ አየ፤ ባለ ሽርጥ ሴት አጥር ላይ ተንጠልጥላለች። ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መሃል መርፌ አታልፍም ነበር። ካስፓር ይጮኻል፣ ዳኒጻ ትቀበላለች፣ ሴቬር ይታዘዛል። በዙሪያዋ ያለው ሰው ነገሩ ሲገባው እሷን እየደገመ አብሮ መጮህ ጀመረ።

«አንቺ ሴት፣ ለማን ነው የምትጮኺው?» አለ ቶዛ። «የእናትሽን ልጆች እኮ ነው የምታስመቺያቸው።»

«የእናቴ ልጅ አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ እየተጫወትክ አይደለም።»

ሊቪዩ በጭንቅላቱ አንድ አገባና እኩል ሆኑ። ያኔ ከቪየና የመጣው ዳኛ ጨዋታውን አስቁሞ ወደ አጥሩ መጣ። የእንግዶቹ አምበል አቤቱታ አቅርቦ ነበር።

«እመቤት፣ ተጫዋች ማዘዝ አይፈቀድም» አላት በጀርመንኛ።

«እኔ ተጫዋች አላዝዝም። ከባሌ ጋር ነው የማወራው» አለች በራሱ ቋንቋ። «ሴት ከባሏ ጋር እንዳታወራ የሚል ሕግ ካለዎት ያሳዩኝ።»

ዳኛው ወደ ካስፓር ዞረ። «ባለቤትህ ናት?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ቤት ውስጥም እንዲህ ናት?»

«ቤት ውስጥ አጥር የለም» አለ ካስፓር።

ዳኛው ጢሙን አሻሸ፣ ፊቱን አዞረ፣ ፊሽካውን ነፋ። ጨዋታው ቀጠለ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጥንቸሉ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሳ። ካስፓር ወደ ኋላ እየሮጠ ጉልበቱ እንደማይሸከመው አወቀ፤ ሌላ አሥር እርምጃ የለውም። «ውጣ» ብሎ ጮኸ፤ ከአጥሩ የሺህ ሰው ድምፅ ያንን ቃል በሩማንኛ መለሰው። ሴቬር ወጣ። ጥንቸሉ ቀና ብሎ በረኛውን ባየበት ቅጽበት ካስፓር እግሩን ዘርግቶ ኳሱን ነጠቀ። ፊት ለፊቱ ሜዳው ክፍት ነው። ቀልቶ ለማራቅ ጊዜ ነበረው፤ እሱ ግን ምን እንደነካው ሳያውቅ ወደ ፊት ሮጠ። አንዱን አለፈ። መሃሉን አለፈ። ሕዝቡ ተነስቷል፤ ሎሪንጽ ባቺ ባርኔጣውን ወርውሮ የማን ራስ ላይ እንዳረፈ አያውቅም። ሊቪዩ በሦስቱም ቋንቋ «ስጠኝ» እያለ ይጮኻል። ካስፓር በአንዱ ገብቶት ሰጠው። ሊቪዩ ሳያቆም መታት፤ መረቡ ሲነቃነቅ ካስፓር በግንባሩ ሣሩ ላይ ተደፍቶ ስለነበር አላየም። ከጩኸቱ ነው ያወቀው፤ በደነቆረው ጆሮው ሳይቀር የሰማው መሰለው።

ፊሽካው ሲነፋ ሴቬር ካስፓርን አልፎ ቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን የዳኒጻን እጅ ሳመ። «እመቤቴ፣ ቡካሬስትም ይምጡልን» አላት።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ቶዛ ዳቦ እየቆረሰ ወጡ ውስጥ ይነክራል። ዳኒጻ ወጡን ስትጨምርለት፣ «የኛ ልጅ ግን ጥንቸል አይደለም?» አለ።

«ጥንቸል ነው» አለ ካስፓር ከልቡ። «እግሬ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።»

«እንግዲያው ጠጣ» ብሎ ቶዛ አረቄውን ቀዳለት፤ በአማቹ ጤና፣ በእህቱ ጉሮሮ ብሎ ጠጣ።

ካስፓር ለሩማንያ ሦስት ጊዜ ደግሞ ተጫውቷል። የመጨረሻው ቡካሬስት ላይ ነበር፤ ቡድኑ ግን ለልምምድ ቲሚሾአራ ተሰብስቦ ከዚያ ነው የተሳፈረው። የፌዴሬሽኑ ሰውዬ «ሴት ከቡድን ጋር አትሳፈርም» ሲል ሴቬር «እሷ ከሌለች እኔም የለሁም» ብሎ ሻንጣውን ከባቡሩ ማውረድ ጀመረ፤ ዳኒጻ ከአሥራ አንዱ ጋር በሦስተኛ ማዕረግ ሄደች። ሜዳው ላይ ግን ብዙ አልጮኸችም። ካስፓር በዚያን ጊዜ ሩማንኛውን ለምዶት ነበር፤ ያስተማረችው እሷ ስለሆነች እንደ ገበያ ሴት ነው የሚናገረው፤ «ላሰ» ባለ ቁጥር የቡካሬስት ሰው ዓሣ ሊሸጥለት የመጣ እየመሰለው ይስቃል። ጉልበቱ በሁለተኛው አጋማሽ መሃል እምቢ አለው። እያነከሰ ሲወጣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት፤ ዳኒጻ የበላችውን የሱፍ ፍሬ ልጣጭ ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ወረደችና ክንዱን ከትከሻዋ ላይ አድርጋ ይዛው ወጣች። ሰኞ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ነበር፤ ሠራተኞቹ የጨዋታውን ወሬ እስኪነግራቸው ድረስ መንኮራኩሩን አናዞርም ብለው ቆመው ጠበቁት።